ሕንፃው ቢቆምስ ሆስፒታሉ ይሠራል?

ከውርጌሳ ሽንኩርት ጭኖ ወደ መርሳና ወልድያ የሚያቀና የአይሱዙ ሹፌር በስተግራው የወሎ ተራሮችን፣ በስተቀኙ ወደ አፋር የሚወርደውን ቆላ ይዞ ይጓዛል። ነጋዴው መንገዱን የሚያውቀው በጭነት ዋጋው ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ግን አካባቢውን የአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ይሉታል። ጠርዙ ደግሞ ዝም ብሎ የተኛ አይደለም።

በ1953 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ደቡባዊ ክፍል፣ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ወድማለች። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አቅጣጫ የተመዘገበው 5.7 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሳይቀር ነቅንቋል። በዚያ ሰሞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል።

እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ የውርጌሳ ሰው ዓይን የሚያርፈው በወልድያና በደሴ ሆስፒታሎች ላይ ነው። ለመሆኑ ይችሉታል?

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ሆስፒታል ከተራ ሕንፃ 1.4 እጥፍ ለሚበልጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል እንዲሰላ ያዝዝ ነበር። ይህ የወረቀቱ ሒሳብ ነው። የግንባታው ሒሳብ ግን ኮለኑ ውስጥ በገባው ፌሮ፣ በስታፋው መቀራረብና በኮንክሪቱ ጥራት ይወሰናል። ከደንቡ በፊት የተሠሩት ሕንፃዎች ደግሞ ለብቻቸው መፈተሽ አለባቸው።

ኮለኑ መጽናቱም ብቻውን አይበቃም። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1971 ገና አዲስ ሳለ በመንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድቶ ፈረሰ፤ በምትኩም እጅግ ጠንካራ ሕንፃ ተሠራ። በ1994 ሌላ መንቀጥቀጥ ሲመጣ አዲሱ ሕንፃ ቆመ፤ ነገር ግን የውኃ ቧንቧዎቹ ፈንድተው ክፍሎቹን ስላጥለቀለቁ ሕሙማኑ እንዲወጡ ተደረገ።

የዓለም የጤና ድርጅት የሆስፒታል ደኅንነት መመዘኛ ሦስት ነገሮችን የሚጠይቀው ስለዚህ ነው፦ የሕንፃው አካል፣ ዕቃና መስመሩ፣ የሠራተኛው ዝግጅት። ጄኔሬተሩ ከመሠረቱ ጋር ታስሯል? የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሰንሰለት አለው? ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ይንሸራተታል? የመድኃኒት መደርደሪያው ከግድግዳ ጋር ተያይዟል?

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ዕቃ እንደገና ማስገባት ግድ ሆኗል። የሕክምና ዕቃ አስመጪዎችና ተቋራጮች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ከወለልና ከግድግዳ ጋር ታስሮ ርክክብ ይፈጸማል» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር የሚያስወጣው የብሎን፣ የአንግል ብረትና የሠራተኛ ዋጋ ነው። ከአንድ ኤክስሬይ መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጭነቱን ሳያስር አቀበት የሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር የለም፤ ሆስፒታሉስ ዕቃውን ሳያስር ለምን ያድራል?