የአንዲት ፊደል መለወጥ ስለምታስከትለው ጉዳት

መጽሐፍ ሲገለብጥ የኖረ ጸሐፊ የአንዲት ፊደል ስሕተት ምን ያህል እንደምትጎዳ ያውቃል። «ሰበረ» ከሚለው ቃል መካከለኛይቱ ፊደል ብትለወጥ «ሰወረ» ይሆናል፤ የቀሩት ሁለቱ በቦታቸው ሳሉ ትርጓሜው ፈጽሞ ሌላ ነው። የሕክምና ሊቃውንትም በሕያው ፍጥረት ሁሉ ውስጥ ይህን የመሰለ ጽሕፈት እንዳለ መርምረው አግኝተዋል። ይህን ነገር ማወቅ በየካና በእንጦጦ ሕሙማንን ለሚቀበሉ ካህናትና ሹማምንትም እጅግ ይጠቅማል።

ጽሕፈቱ ዲ ኤን ኤ ይባላል። ፊደሎቹ 4 ብቻ ሲሆኑ፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱን ይጠራሉ። ፕሮቲኑም እንደ አሚኖ አሲዶቹ ተራ ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውም በቅርጹ ይወሰናል።

ቲቢ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣው ባክቴሪያ 4,400,000 ያህል ፊደል አለው። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ይህን ባክቴሪያ የሚገድለው፤ ጽሕፈቱን እየገለበጠ ለሥራ በሚያቀርበው ፕሮቲን ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ በመጣበቅ ነው። ዳሩ ግን የዚህ ፕሮቲን 450ኛው ቃል መካከለኛ ፊደሉ ሲለወጥ፤ ሴሪን የተባለው ትንሽ አሚኖ አሲድ ቀርቶ ሉሲን የተባለው ተለቅ ያለው ይተካል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ የሚይዝበት ስፍራ ያጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ሥራውን አያቋርጥም።

ለውጡን የሚፈጥረው መድኃኒቱ አይደለም። ባክቴሪያው ሲባዛ ከ100 ሚሊዮን አንድ ያህል በስሕተት ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ከአንዱ ያመለጠው በሌላው እንዲጠፋ፤ 4 መድኃኒቶችን አንድነት ለ2 ወር፤ ከእነርሱም ሁለቱን ለ4 ወር ያዛሉ። በሽተኛው ጥቂት ሲሻለው እያቋረጠ ቢወስድ ግን ያልተለወጠው ባክቴሪያ ይሞታል፤ የተለወጠው ይተርፋል፤ በዝቶም በሳል ወደ ቤተ ሰብና ወደ ጎረቤት ይተላለፋል።

በእንጦጦ ተዳፋት የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደውን ነቀርሳ ማከም በ2001 ዓ.ም. ሲጀምር፤ ሕክምናው ለብዙ ወራት በመርፌ እየታገዘ እስከ 2 ዓመት ይደርስ ነበር። ዛሬ ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የፊደሉን መለወጥ ከአክታ በ2 ሰዓት ያህል ያስታውቃል።

በዚያው ተራራ ብዙ ሕሙማን ጸበል ፍለጋ ይወጣሉ። መድኃኒት መዋጥ የእምነት ጉድለት የሚመስለው ሰው ከመካከላቸው አይታጣም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያስተምሩ፤ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ አይቃረኑም ብለዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ይናገራል።

እንግዲህ የንስሐ አባት ልጁን ስለ ጸሎቱ ሲጠይቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መዋጡንም ሊጠይቀው ይገባል። ሹማምንትም መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ግምጃ ቤት እንዳይጎድል ሊተጉ ይገባል፤ በሽተኛው በስንፍና ቢያቋርጥም መድኃኒት አጥቶ ቢያቋርጥም፤ ለባክቴሪያው የሚከፈተው በር አንድ ነውና።