የማዕድን ኪኒንና የአረጋውያን ጤና

እናት አባትን መጦር ከጥንት ጀምሮ በአገራችን የተከበረ ግዴታ ነው። በዛሬ ጊዜ ግን ከዚሁ ግዴታ ጋር አንድ አዲስ ልማድ ተጨምሯል፤ ይኸውም በውጭ አገር ያለው ልጅ ለእናቱ፥ በከተማ የሚኖረውም ለአባቱ፥ ካልሲየም ወይም ብረት ያለበትን ኪኒን በብልቃጥ እየገዛ መላክ ነው። ተቀባዮቹም «የጉልበት መድኃኒት ነው» እያሉ ይውጡታል፤ ለጎረቤትም ያካፍሉታል። የልጆቹ አሳብ መልካም እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ዳሩ ግን ኪኒኑ የጎደለውን ሊሞላ እንደሚችል ሁሉ፥ ያለውን በሽታ ሊሸፍን ወይም አዲስ ሊያመጣ ይችላልና በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር ልናስረዳ አስበናል።

አስቀድመን ስለ አጥንት እንናገር። አጥንት የካልሲየም ጎተራ ነው። ልብ እንዲመታ፥ ጡንቻም እንዲታዘዝ፥ በደም ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ካልሲየም መኖር አለበት። ከምግብ የሚገባው ሲያንስ ሰውነት ከጎተራው ይበደራል፤ ብድሩም ሳይመለስ ዓመታት ሲያልፉ አጥንቱ ይሳሳል። ሴቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ይህ መሳሳት ይፈጥንባቸዋል። አጥንቱ ሲሳሳ ሕመም አይሰማም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እናት በደጃፍ ተንሸራትተው የዳሌ አጥንታቸው በተሰበረ ጊዜ ነው። ከዚያም በኋላ ብዙዎች እንደ ቀድሞው በእግራቸው ለመሄድ አይችሉም።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመው የምግብ መመሪያ፥ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶችና ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመክራል። ይህ መጠን ከምግብና ከኪኒን በአንድነት የሚቈጠር ነው እንጂ ከኪኒን ብቻ የሚገኝ ይሁን ማለት አይደለም። ሩብ ሊትር የላም ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ እርጎና አሬራም እንደዚሁ ጠቃሚዎች ናቸው። አይብ ሲወጣ ግን ብዙው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ አጓቱን መድፋት አይገባም። በጾም ወራት ደግሞ የጤፍ እንጀራ፥ ጎመንና ሰሊጥ ይረዳሉ። አቅማቸው የደከመና የታመሙ አረጋውያን ስለ ጾማቸው ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪም ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው።

ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ እንዲያልፍ ቪታሚን ዲ ያስፈልጋል። ይህንንም ቆዳ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀዋል፤ ያረጀ ቆዳ ግን እንደ ወጣት ቆዳ አያዘጋጅም። ስለዚህ ከቤት የሚውሉ አረጋውያን ፀሐይ እንዲሞቁና በየቀኑ በእግራቸው እንዲንሸራሸሩ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አጥንት ሸክም ሲሰማው ይጠነክራልና። በቤቱ የሚኖር ጤነኛ አረጋዊ ሁሉ የካልሲየም ኪኒን ስለ ዋጠ ብቻ ከስብራት ይድናል የሚለው አሳብ በምርምር አልተረጋገጠም።

ሁለተኛው ነገር ብረት ነው። ብረት የደም መሥሪያ ነው። ሴት በየወሩ ደም በሚፈስሳት ዕድሜዋ በቀን 18 ሚሊግራም ሲያስፈልጋት፥ ከቆመ በኋላ ግን እንደ ወንድ 8 ሚሊግራም ይበቃታል። እንግዲህ የሚያስፈልገው እያነሰ ሳለ አረጋዊው በብረት ማነስ ደሙ ቢጎድል፥ «ደሙ በምን በኩል ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የጨጓራ ቁስል፥ የአንጀት ዕጢ፥ ደም መጣጭ የአንጀት ትል፥ አስፒሪንንና ይህን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ማዘውተር ደም በስውር እንዲፈስ ያደርጋሉ። የብረት ኪኒን ደሙን ለጊዜው ከፍ ሲያደርገው ምክንያቱ በውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። ከዚህም በላይ ኪኒኑ ዓይነ ምድርን ያጠቁራል፤ ጥቁር ዓይነ ምድር ደግሞ የጨጓራ መድማት ምልክት ነውና፥ ምልክቱ በኪኒኑ ተሳብቦ ሊታለፍ ይችላል። በጊዜው ቢታወቅ ሊድን ይችል የነበረ ዕጢ በዚህ ምክንያት ዘግይቶ ይገኛል።

ጤፍ ብረት እንዳለው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እህሉ በዐውድማ ሲወቃ ከአፈር የሚጣበቅበትን ብረት ሰውነት በሚገባ አይቀበለውም። የሊጡ መቡካት፥ ሥጋ፥ እንዲሁም ሎሚና ጥሬ ቃሪያ ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳሉ። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታልና፥ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ መጠጣት ይሻላል።

እንግዲህ የሚከተለውን ልብ ማለት ይገባል፤

1ኛ፤ ደም ሳይመረመር የብረት ኪኒን አለመጀመር።

2ኛ፤ ካልሲየም በሐኪም ከታዘዘ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም የማይበልጥ መዋጥ። ከምግብና ከኪኒን በጠቅላላው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም ማለፍ አይገባም፤ ሲበዛ የሆድ ድርቀትና የኩላሊት ጠጠር ያመጣልና።

3ኛ፤ ካልሲየምንና ብረትን በአንድነት አለመዋጥ። ታይሮክሲን የተባለውን የእንቅርት መድኃኒት የሚወስዱም ሰዎች ከሁለቱ ኪኒኖች በ4 ሰዓት ያራርቁት።

4ኛ፤ ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው አለመስጠት፤ በተለይም ኩላሊቱን ለሚያመው ሰው።

5ኛ፤ የብረት ኪኒንን ከሕፃናት እጅ ማራቅ፤ ብዙ ፍሬ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላልና።

እናትና አባታችሁን የምትጦሩ ሁሉ፥ ብልቃጥ ከመላካችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ሰው ፈልጉላቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። ከተመረመሩ በኋላ የጎደለ ነገር ከተገኘ ኪኒኑ ተገቢውን ሥራ ይሠራል፤ ካልተገኘም ለብልቃጥ የታሰበው ገንዘብ ለወተት፥ ለጎመንና ለጨለማው ደጃፍ መብራት ቢውል ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።