ሐምሌ ሲሆን ቤይሩት ፀሐይ ነው

ዛሬ የምናወራችሁ እሑድ እሑድ በአዳራሻችን ስለምናስተምራቸው ልጆቻችሁ ነው።

ለልጆቹ ከአገር ቤት መጽሐፍ አይተን ፈተና አውጥተን ነበር። አንዱ ጥያቄ «ኃይለኛ ዝናብ የሚዘንበው በየትኛው ወር ነው?» ይላል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ የስምንት ዓመት ልጅ «ጥር» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግንበት። ልጁም ወረቀቱን ይዞ መጣና «ጥር ላይ እኮ ጫማዬ በስብሶ ነበር» አለን። እውነቱን ነው። ቤይሩት ላይ ዝናብ የሚበረታው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ በሐምሌ ግን ጠብታ እንኳ የለም። ጥያቄውን ያወጣነው ልጁ የሚኖርበትን አገር ረስተን ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ሁሉ እንደገና አየነው። «ትምህርት የሚጀመረው 2 ሰዓት ነው» ስንል ልጆቹ የሚገባቸው ከምሳ በኋላ ነው። ሞፈርና ቀንበር በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ሊራ ከ2019 ወዲህ ዋጋው ከወደቀ ጀምሮ ደግሞ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ብር ይዘው ሱቅ ይላካሉ፤ 25 ሳንቲም አራት ጊዜ አንድ ብር ይሆናል ስንላቸው ግን ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ ሒሳቡን በሕንፃ ፎቅ፣ በሰርቪስ ታክሲ ሒሳብና በዳቦ ቁጥር አደረግነው። ያን ጊዜ ዝም ይሉ የነበሩት ሳይቀሩ እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በአገራችን አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት በሚባለው መንገድ፣ ለምሳሌ በአፋርና በሶማሌ ክልል ላሉ የአርብቶ አደር ልጆች፣ የትምህርቱ ሰዓት ከብት ከሚጠበቅበት ሰዓት ጋር እንዲስማማ ይደረጋል። አስተማሪው ከአካባቢው ሰው ይመረጣል። ከ1 እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሦስት ዓመት እንዲያልቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ልጁ ከከብቱ ጋር ሲንቀሳቀስ ትምህርቱ እንዳይቀርበት ታስቦ ነው።

ታዲያ እኛ ደስ ብሎን ሳለ አንዲት እናት መጥታ ተቆጣችን። «መምህርት፣ እኔ ልጄን በሰኔ ወደ እናቴ ልልካት ነው። እዚያ ስለ ሊፍት ነው የሚጠይቋት?» አለች። መልስ አጣን። ልጆቹ እዚህ አይቀሩም፤ ብዙዎቹ ወረቀት ስለሌላቸው እናቶቻቸው ሐሳባቸው አገር ቤት ማስገባት ነው።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልነው፤ በአንዱ በኩል «እዚህ»፣ በሌላው «እዚያ» ብለን። ዝናብ እዚህ ጥር፣ እዚያ ሐምሌ። ጠዋት እዚህ 8 ሰዓት፣ እዚያ 2 ሰዓት፤ የእኛ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ከንጋት ስለሆነ ነው። ስድስት መቀነስንም በዚሁ ተማሩት። የተቆጣችው እናት ራሷ አንድ እሑድ መጥታ ሩዝ በሳህን እየሰፈረች ቁና ምን እንደሆነ አሳየቻቸው። ከእኛ ይልቅ እሷን ሰሟት፤ ትንሽ ቀናን!

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሩን። ልጃችሁን የምትልኩት ወዴት ነው? ከ1986 ዓ.ም. (እዚህ 1994) ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአካባቢው ቋንቋ ይሰጣል። አያቱ ጅማ ገጠር ከሆነች ልጁ ብዙውን ጊዜ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። እኛ ፊደል ብቻ ስናስቆጥረው ከርመን ብንልከው እዚያ ሲደርስ ይቸገራል። ከእናንተ መካከል አፋን ኦሮሞ ማንበብና መጻፍ የምትችሉ ካላችሁ እባካችሁ ኑልን።

ያልሆነልንም አለ። ዐረብኛ ትምህርት ቤት የገቡት ልጆች ፊደልንም ከቀኝ ይጀምራሉ። ለዚህ ዘዴ አላገኘንም፤ እየደጋገምን ነው።

ልጆቻችሁ አገር ቤት ያሉ እናቶች ደግሞ፣ በስልክ «በርትተህ ተማር» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። የላካችሁትን ገንዘብ ልጁ ለአያቱ ያስላላት፤ ለዘይት ስንት ወጣ፣ ለደብተር ስንት ቀረ በሉት።

ያቺ ልጅ በሰኔ ሄደች። በጥቅምት ደወለችልን። ሦስተኛ ክፍል ትገባለች ብለን ነበር፤ ሁለተኛ ነው የመደቧት። «ሰዓት ግን ተሳስቼ አላውቅም» አለችን።