ጣሳ የወረደበት ደጃፍ

መስከረም 1 ቀን ከዘመን መለወጫነቱ ሌላ የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። በዋዜማው ሰሞን ለበዓሉ ጠላ የሚጠምቁ የአዲስ አበባ እመቤቶች ጌሾና ብቅል ፍለጋ ወደ መርካቶ ይወርዳሉ። ጌሾው ዛሬም አለ፤ ብቅሉም አለ። በዚያው ሠፈር ጓሮ ለጓሮ ተያይዘው የነበሩት ጠላ ቤቶች ግን እየተመናመኑ ሄደዋል።

ጠላ ቤት የተጻፈ ስም አልነበረውም። ምልክቱ በእንጨት ጫፍ ተደፍቶ ከደጃፍ የሚቆም ጣሳ ነበር፤ ያንን ያየ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ይገባል።

ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ ወዳለበት ስፍራ ሲዛወር፣ ተሸካሚውና አህያ ነጂውም ተከትለው መጡ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም፣ ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ የዋለ ሰው ጥሙን የሚቆርጠው በጠላ ነበር።

ጠማቂዋ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ጭስ ታጥናለች። ጌሾውን ጠንስሳ ቀናት ታቆያለች፤ እንኩሮውንና ብቅሉን ጨምራ ትደፈድፋለች፤ ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ትሞላለች። ስትቀዳ በመዳፏ ጠብ አድርጋ አስቀድማ ትቀምሳለች። ገና ያልጠራውን ጉሽ የሚወድ አለ፤ ኪሱ የሳሳበት ደግሞ ቅራሪውን ይጠጣል። ጠላ እህልና ቅጠል እንጂ የፍስክ ነገር የለበትምና ጾም ቢገባም ጣሳው አይወርድም ነበር። የጽዋ ማኅበር ተራ ደርሷት ጋን የሌላት ጎረቤትም ከዚያው በእንስራ ታስቀዳለች።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ብዙዎቹ ጎጆዎች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራያቸው አነስተኛ በመሆኑ፣ ባል የሞተባት ወይም የተፈታች ሴት በአንድ ጋን ጠላ ልጆቿን ልታስተምር ቻለች። ይህን ሙያ አቃልለው ይናገሩ የነበሩ ሰዎች ስንቱ ተማሪ ከጋን ሥር እንደ ወጣ የተገነዘቡ አይመስለንም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ አሮጌዎቹ ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው የገበያ ፎቆች ቆሙ። ከተነሡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከከተማዋ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። የሚያፈሰውን ጣሪያና የጋራውን መጸዳጃ ቤት እኛም አንናፍቅም። ይሁን እንጂ አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን አይታጠንም፤ እንኩሮ የሚነኮርበት የምድጃ ጭስም ከጎረቤት ያጣላል። ቢጠመቅስ ማን ይጠጣዋል? ደንበኛው ተሸካሚ መርካቶ ቀርቷል።

ጠላ በትእዛዝ የሚያዘጋጁ ሴቶች አሁንም አሉ፤ ለበዓሉ ብዙ ቤት የሚገባው እነርሱ የጠመቁት ነው። መጠጡ በጀሪካን ይመጣል። ጌሾው አይጓደልም፤ መራራነቱም ደኅና ነው። ፕላስቲክ ግን በወይራ አይታጠንምና ያን የጭስ ቃና የለመደ አዛውንት አንድ ጊዜ ጎንጨት ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጠዋል።