የባጃጅ ማርሚታ አመራረጥ፦ የሚጮኽ ሁሉ ጉልበት የለውም

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ ባጃጅ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሠራተኛውን ወደ ፋብሪካው፣ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ፣ የገበሬውን ጆንያ ወደ ገበያ ያደርሳል። ይህ ተሽከርካሪ ዓመታት ሲቆጠሩበት ቀድመው ከሚያልቁ ክፍሎቹ አንዱ ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ ነው። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ምን ዓይነት ማርሚታ ልግዛ ብሎ ይጨነቃል፤ ምርጫው የሚነካውም ኪሱን ብቻ ሳይሆን ጆሮውን፣ የተሳፋሪውን ጤናና የጎረቤቱን እንቅልፍ ጭምር ነው።

በአሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ እምነት አለ። የማርሚታው ሆድ ዕቃ ከወጣ ወይም ክፍት የሆነ ማርሚታ ከተገጠመ ሞተሩ «ይተነፍሳል»፣ ጉልበትም ይጨምራል ይባላል። እምነቱ ከእሽቅድድም ሞተር ብስክሌቶችና ከባለ አራት ጎማ የስፖርት ሞተሮች የመጣ ነው። በእነዚህ ላይ የጭስ ማውጫ ሲቀየር ካርቦራቶሩ ወይም የነዳጅ መርጫው አብሮ ይስተካከላል፤ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። የባጃጅ ሥራ ግን ሌላ ነው። ሰው ጭኖ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ሲነሳና ሲቆም ይውላል።

ለመሆኑ ማርሚታ ምን ይሠራል? በሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር የጋለ ጋዝ በግፊት ይወጣል፤ ጩኸቱም ከዚህ ግፊት ይመጣል። በማርሚታው ውስጥ ያሉት ክፍልፋዮችና የተበሳሱ ቱቦዎች የድምፁን ሞገድ እርስ በርሱ እያጋጩ ያደክሙታል። የቱቦው ርዝመትና ስፋትም ያለ ምክንያት አልተወሰነም፤ ጋዙ በትክክለኛ ፍጥነት እንዲወጣና ለሚቀጥለው ትንፋሽ ቦታ እንዲለቅ ተብሎ የተለካ ነው። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲሰፋ የጋዙ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ጉልበት ነው።

በቆዩት ባለ ሁለት ምት ባጃጆች ላይ ነገሩ ይብሳል። በእነዚህ ሞተሮች ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ መልሶ የሚገፋው ከማርሚታው የሚመለሰው ሞገድ ነው። ስለዚህ ማርሚታው ሲቆረጥ ወይም ሆዱ ሲወጣ ቤንዚን በከንቱ ይወጣል፣ ጉልበትም ይጠፋል። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ካርቦራቶሩ ሳይስተካከል ክፍት ማርሚታ ከተገጠመ፣ አየሩ ከነዳጁ በላይ ሊበዛ ይችላል። ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅም ከኋላ የሚሰማው «ጧ ጧ» የሚል ፍንዳታ ይመጣል። ብዙዎች የጉልበት ምልክት የሚያደርጉት ይህ ድምፅ፣ የጭሱ መስመር መክፈቱን ወይም የነዳጁና የአየሩ ልክ መዛባቱን የሚናገር ነው።

ታዲያ ባጃጁ ለምን ዳገት ላይ ይደክማል? አንዱ ምክንያት የሀገሩ ከፍታ ነው። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ሁለቱን ያህል ያጣል ማለት ነው። ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ጉድለቱ ከዚህም ይበልጣል። ይህን ጉድለት የትኛውም ማርሚታ አይመልሰውም። ሌሎቹን ምክንያቶች ግን በቀላሉ ማስወገድ ይቻላል፤ እነርሱም በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላና የተዛባ የቫልቭ ሪጅስትሮ ናቸው። በአዲስ ማርሚታ ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እነዚህን ማስፈተሽ ይገባል።

የጩኸቱ ጉዳት ደግሞ በቅድሚያ የሚያርፈው በአሽከርካሪው ላይ ነው። የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ መሠረት፣ የሰው ጆሮ 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅን በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ይችላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው ይህ ስሌት ቀላል አይደለም። በጩኸት የተጎዳ የመስማት ችሎታ ሕመም ሳይሰማ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከጠፋ በኋላም አይመለስም።

ጎረቤትም መብት አለው። ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። በሀገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሠፈር የሚፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን፣ በኢንዱስትሪ አካባቢ ቀን 75፣ ሌሊት 70 ነው። አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ጎን ለጎን የሚገኙበት ክፍለ ከተማ ነው። በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን ለሚተኛ ሠራተኛ በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ክፍት ማርሚታ ዕረፍቱን ይነጥቀዋል።

ከጩኸቱ ይልቅ የሚያሰጋው ግን የማይታየው ነው። የባጃጅ ሞተር ከኋላ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ በታች ይገኛል። ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጋስኬት ከተቃጠለ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ ጭሱ ወደ ኋላ ከመውጣት ይልቅ ወደ ተሳፋሪው ሊገባ ይችላል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በክረምት፣ ዝናቡን ለመከላከል የጎን መጋረጃው በሚዘጋበት ጊዜ፣ አደጋው ይጨምራል። ተሳፋሪዎች ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ተሰምቶናል ካሉ ተሽከርካሪው ወዲያው ቆሞ መጋረጃው መከፈት፣ መስመሩም መፈተሽ አለበት።

በከተማዋ ዳርቻና ከዚያ ወዲያ ለሚኖሩ ገበሬዎች ሌላም ስጋት አለ። በአጨዳና በውቂያ ወራት ባጃጅ ጭነት ፍለጋ እስከ አውድማው አፋፍ ይደርሳል። ሞተሩ አጠገብ ያለው የጭስ ቱቦ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ክፍልፋዩ የወጣ ማርሚታም የጋለ ጥላሸት ሊተፋ ይችላል። በደረቀ የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ ላይ ይህ የዓመት ልፋትን በደቂቃዎች ሊያጠፋ የሚችል እሳት ነው። ስለዚህ ተሽከርካሪው ከክምሩ ራቅ ብሎ፣ ገለባ በሌለበት መሬት ላይ መቆም ይኖርበታል።

ወደ ግዢው ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የሞተሩ ዓይነት ነው። ባለ ሁለት ምት ነው ወይስ ባለ አራት ምት? ሞዴሉስ የትኛው ነው? የባለ አንዱ ማርሚታ ለሌላው አይሆንም። አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ የሚመረጠው ለዚህ ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የቱቦው አፍ ስፋትና የማሰሪያዎቹ ቦታ ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። በብየዳ «ይስተካከላል» የሚባል ልዩነት ብዙ ጊዜ ዳግም ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የላሜራው ውፍረትና የብየዳው ጥራት ነው። ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሁለት ማርሚታዎች ከበድ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ላሜራ ያለው ነው። የብየዳው መስመር ሳይቋረጥ ዙሪያውን መሄድ አለበት። ሲነቀነቅ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ክፍልፋዩ ተነቅሏል። በአንዱ አፍ ሲታይ በሌላው በኩል ብርሃን ቀጥ ብሎ ከታየም ክፍት ቱቦ ነውና ድምፅ አያፍንም።

ያገለገለ ማርሚታ የሚገዛ ሰው የታችኛውን ክፍልና የብየዳውን ዙሪያ በጥንቃቄ ይመልከት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በአጭር ጉዞ ላይ ማርሚታው በደንብ ሳይግል ስለሚቆም እንፋሎቱ ውስጡ ቀርቶ ውኃ ይሆናል፤ ዝገቱም ከውስጥ ይጀምራል። በላዩ ላይ ቀለም መቀባቱ ጤነኝነቱን አያረጋግጥም። ከሥሩ የሚጣበቀው የአቃቂ ጥቁር ጭቃም እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ በየጊዜው መታጠብ አለበት።

በመጨረሻም አገጣጠሙ ነው። አሮጌው ጋስኬት ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ይገዛለታል። ማሰሪያዎቹ ሁሉ መታሰር አለባቸው፤ አለበለዚያ ክብደቱ በሙሉ በሞተሩ በኩል ባለው አፍ ላይ አርፎ ይሰብረዋል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በገላጣ ቦታ ይነሳና በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሚያፏጭ ድምፅ መኖሩ ይደመጣል። ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላም ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ የነዳጁና የአየሩ ልክ ደህና ነው፤ ከነጣ አየር በዝቷል፣ በጥላሸት ከጠቆረ ደግሞ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር ታፍኗል።

ጥሩ ማርሚታ ተገጥሞ ሥራ ሲጀምር ማንም አያስተውለውም። አሽከርካሪው ማታ ቤቱ ሲገባ ጆሮው አይጮኽበትም፤ ተሳፋሪው በክረምት መጋረጃ ውስጥ ያለ ስጋት ይተነፍሳል፤ ጎረቤቱም ባጃጁ መመለሱን ሳይሰማ ይተኛል።