የመካኒኩ 70 በመቶ

የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ለሚማር ልጅ ጋራዥ በየሰፈሩ አለለት። ከእብናት ወረዳ ተነስቶ ደብረ ታቦር ከተማ የተሽከርካሪ ጥገና ለሚማረው ግን 70 በመቶው የሚሞላበት ቦታ ጠባብ ነው። የትንሽ ከተማ ጋራዥ ማለት ባለቤቱና አንድ ሁለት ረዳት ነው። የደንበኛው ሞተር በተማሪ እጅ ቢበላሽ ባለጋራዡ ከኪሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ ተማሪውን ቁልፍ ያቀባብለዋል፣ ጎማ ያስፈታዋል። ልጁ ሞተር ሳይከፍት ቅጹ ተፈርሞለት ይመለሳል።

ኪሳራው የልጁ ብቻ አይደለም፤ አሮጌ መኪናውን ለሚያስጠግነውም ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲስ መኪና ራቀ፤ አሮጌው ዕድሜው እንዲረዝም ግድ ሆነ፤ መለዋወጫውም በዶላር ነው የሚገባው።

የመካኒክ እውቀት ዋጋ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ የወጣ አይሱዙ ሞተሩ ጋለ እንበል። ምክንያቱ የላላ ቺንጊያ ወይም የማይከፈት ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል። ያንን የለየ መካኒክ በትንሽ ገንዘብ ይጨርሰዋል፤ ያልለየው ቴስታታ ያስፈታል፣ አንዳንዴም አዲስ ያስገዛል። የዋጋው ልዩነት በመጨረሻ እብናት ገበያ በሚወርደው እህል ላይ ይታከላል። እብናት ደግሞ በሴፍቲኔት የታቀፈ፣ እህል በመኪና የሚጠብቅ ወረዳ ነው።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሯቸው ጊዜ የአገሩ ሰው ሙያውን የቀሰመው ከሥራው መሀል ነበር። ዛሬም ሥራው አለ። የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች መኪናና ሞተር ሳይክል አላቸው፤ ሲበላሹ ግዥው እስኪፈጸም ቆመው ይከርማሉ። ጥገናቸው ለኮሌጁ ወርክሾፕ ቢሰጥ ሠልጣኙ እውነተኛ ብልሽት ያገኛል፣ መሥሪያ ቤቱም የእጅ ዋጋ ይቆጥባል።

የግል ጋራዦች ገበያችን ተነጠቀ ማለታቸው አይቀርም፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። መፍትሔው ኮሌጁ የግል ደንበኛ አለመቀበሉ፣ ልምድ ያላቸውን ባለጋራዦችም በቀን አበል አሠልጣኝ አድርጎ ማስገባቱ ነው። ዲግሪ ባይኖራቸውም የሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማስተማርም ይገባል፤ ለዚህ አካባቢ ግን ናፍጣውና ባጃጁ ይቅደሙ።

ዋናው ጥያቄ ተማሪ ያበላሸውን ማን ይክፈል የሚለው ነው። ዛሬ ከፋዩ ባለጋራዡ ስለሆነ በሩን ይዘጋል። ዞኑ ለሥልጠና ብልሽት የሚውል አነስተኛ መጠባበቂያ በጀት ቢይዝና ተማሪ ተቀብለው በትክክል የሚያሠሩ የግል ጋራዦችንም በዚያው ቢሸፍን፣ ባለጋራዡ ለልጁ ከጎማ ያለፈ ሥራ ለመስጠት አይፈራም።