የሹራብ ሙቀት ከየት ይመጣል?

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ምድሪቱ ሙቀቷን በጨረር መልክ ወደ ጠፈር ስለምትለቅ ብርዱ ይጠነክራል። በዚህ ወቅት አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው በኪሮሽ ወይም በሹራብ መሥሪያ መርፌ የተሠራ የሕፃን ቆብ ይዞ ቢገኝ ስጦታው ተገቢ ነው። ለመሆኑ ይህች ቆብ ሙቀቱን ከየት ታመጣዋለች?

በመሠረቱ ከየትም አታመጣውም። ሙቀቱን የሚያመነጨው የሕፃኑ ገላ ነው፤ ቆቧ ቶሎ እንዳያመልጥ ታዘገየዋለች። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ከአዋቂ ሰው እጅግ ስለሚበልጥ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። ከቆዳው ስፋት አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ነው። ስለዚህ ቆቧ ጌጥ ብቻ አይደለችም።

ሥራውን በዋነኛነት የሚሠራው በክሩ መካከል የታሰረው አየር ነው። ጋቢ በድርና በማግ ይሸመናል፤ ሹራብ ግን አንዱ ክር እየታጠፈ ቀለበት በቀለበት ውስጥ የሚያልፍበት ሥራ ነው። ቀለበቶቹ ሲሳቡ ቅርጻቸውን ስለሚለውጡ ሹራብ ይለጠጣል፤ በመካከላቸውም ብዙ አየር ይይዛሉ። የረጋ አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.026 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ሲሆን የውሃ ግን 0.6 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ሹራብ ሲርስ የማያሞቀው የአየሩን ቦታ ውሃ ስለሚወስደው ነው። ነፋስም የረጋውን አየር ጠርጎ ያወጣዋል። በአርሲ ደጋ ከሹራብ በላይ ጋቢ መደረቡ ከዚህ አንጻር ትክክለኛ ፊዚክስ ነው።

የክሩም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የበግ ሱፍ የደረቅ ክብደቱን ሲሶ ያህል የውሃ እንፋሎት መምጠጥ ይችላል፤ በሚመጥበትም ጊዜ ጥቂት ሙቀት ይለቃል፤ እንፋሎት ሲጠግብ ግን ይህ ያበቃል። ሰው ሠራሽ የሆነው አክሪሊክ ክር የሚመጠው ከ3 በመቶ በታች ነው።

የሠሪዋስ ምቾት? እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የብሪታንያ የሙያ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን በመጠይቅ አነጋግሮ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት በርካቶች ሥራው እንደሚያረጋጋቸው ተናግረዋል። ይሁን እንጂ የተጠየቁት አስቀድመው ሥራውን የሚወዱ ናቸው፤ ሹራብ ሰውን ያረጋጋ እንደሆነ ወይስ የተረጋጋ ሰው ሹራብን ይመርጥ እንደሆነ መጠይቅ ብቻውን አይለይም። ለማስተዋል የሚቀለው ነገር የሥራው ጠባይ ነው፦ እጅ አንድን እንቅስቃሴ ይደጋግማል፣ ልብ ቀለበት ይቆጥራል፣ ስህተት ሲገኝም ክሩ ተስቦ ይፈታና እንደገና ይጀመራል። ለፈተና ለሚጨነቅ ተማሪ ስህተቱ እንዲህ በቀላሉ የሚታረም ሥራ ማግኘት ራሱ እረፍት ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል ግን ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ሦስት እኩል ጠርሙሶችን እኩል በሞቀ ውሃ ሙሉ። አንዱን ባዶውን ተዉት፤ ሁለተኛውን በደረቅ፣ ሦስተኛውን በእርጥብ ሹራብ ጠቅልሉ። በየ5 ደቂቃው በቴርሞሜትር እየለካችሁ በግራፍ አስቀምጡ። እርጥብ ሹራብ የለበሰው ጠርሙስ ከባዶው ይሻል ይሆን? ከመለካታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ።